የሰሜን ሸዋ ሕመምተኛ በየትኛው መዝገብ ይቆጠራል?

በደብረ ብርሃን ለጤና ባለሙያዎች፣ ለመምህራንና ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ ሐኪሞችና ነርሶች፣ የላቦራቶሪና የፓቶሎጂ ባለሙያዎች፣ የካርድ ክፍል ሠራተኞች፣ መምህራንና ተማሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ። የካርድ ክፍል ሠራተኞችን ለይቼ የጠራሁት ለአክብሮት ብቻ አይደለም፤ ዛሬ ከምናገረው አብዛኛው በእነሱ እጅ የሚያልፍ ነገር ስለሆነ ነው።

አንዲት የመንዝ ሴት በጡቷ ላይ እብጠት አግኝታ ጤና ጣቢያ ሄደች እንበል። ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ትላካለች፤ ከዚያም ሪፈር ተጽፎላት አዲስ አበባ ትወርድና ዘመድ ቤት አርፋ የናሙናዋን ውጤት ትጠብቃለች። የአዲስ አበባ ከተማ የካንሰር ምዝገባ በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ ሕዝብን መሠረት ያደረገ ምዝገባ እንደመሆኑ የሚቆጥረው የከተማዋን ነዋሪ ብቻ ነው። ስለዚህ ይህች ሴት አድራሻዋን በትክክል ከተናገረች ከአዲስ አበባ ቁጥር ውጭ ትሆናለች፤ በአገሯም የሚመዘግባት ከሌለ በማንም ስሌት ውስጥ አትገባም። ወረፋው እንዳያልፋት ወይም ስልክ ሲደወል እንድትገኝ ብላ የዘመዷን ወረዳ ካስመዘገበች ደግሞ የአዲስ አበባን ቁጥር ከፍ አድርጋ የእኛን ታጎድላለች። እሷ ምንም አላጠፋችም፤ ጠያቂው «አድራሻ?» ብሎ አለፈ እንጂ «ኑሮሽ የት ነው? እዚህ ከመጣሽስ ስንት ጊዜሽ ነው?» ብሎ አልጠየቃትም።

ይህ ትንሽ የሚመስል ጉዳይ እስከ አገር አቀፍ ግምት ድረስ ይዘልቃል። መቀመጫው ሊዮን፣ ፈረንሳይ የሆነው የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ለ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ በዓመት ከ77 ሺህ በላይ ሰዎች በካንሰር እንደሚያዙና ወደ 52 ሺህ የሚጠጉ እንደሚሞቱ አስፍሯል። ቁጥሩ ጠቃሚ ነው፤ በጀት ለመጠየቅም ብዙ ጊዜ እንጠቅሰዋለን። ነገር ግን በዋናነት የተገነባው ከአንዲት ከተማ በተገኘ መረጃ ላይ መሆኑን መርሳት አይገባም። አብዛኛው ሕዝቧ ገጠር በሚኖርባት አገር የከተማ ምጣኔን፣ ማለትም ከተወሰነ ሕዝብ ውስጥ በዓመት ስንት ሰው እንደሚያዝ የሚያሳየውን ቁጥር፣ ለሁሉም ማልበስ ምን ያህል እንደሚያስኬድ ለማየት የአርሲንና የባሌን ምሳሌ ማንሳት ይበቃል፤ የምግብ ቧንቧ ካንሰር በዚያ አካባቢ በዝቶ መታየቱን ያወቅነው ከአካባቢው የመጡ ሕመምተኞችን መነሻቸውን ጠይቀው በለዩ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች እንጂ ከአዲስ አበባ አማካይ ቁጥር አይደለም። ከተጉለት ደጋ እስከ ሸዋ ሮቢትና ምንጃር ቆላ ድረስ በአየር ንብረት፣ በምግብና በአኗኗር በሚለያየው የእኛ ዞን ውስጥ ተመሳሳይ ልዩነት ይኑር አይኑር ለማወቅ መጀመሪያ መቁጠር ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ለተማሪዎቻችን የማስጠነቅቀው ነገር አለ። በየዓመቱ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሆስፒታል መዝገብ ይገለጣል፤ «ከካንሰር ሕሙማን ይህን ያህል በመቶው የጡት ካንሰር ነው» ይባላል፤ በመደምደሚያው ላይ ግን ጉዳዩ «በዞኑ የጡት ካንሰር ሥርጭት» ሆኖ ይቀርባል። የሆስፒታል መዝገብ የሚነግረን ማን ወደዚያ ሆስፒታል እንደመጣ ነው። በእጅ የሚዳሰስ እብጠትና በዓይን የሚታይ ቁስል ቶሎ ይመረመራል፤ የጉበትና የቆሽት ካንሰር ግን ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። የአንዱ ድርሻ የበዛው በሽታው ስለበዛ ይሁን ሌላው ስላልተገኘ፣ መቶኛው ራሱ አይናገርም። የአደጋውን መጠን ለማወቅ እንደ ክፍልፋይ ከላይ አዲስ የተያዙ ነዋሪዎች ሁሉ፣ ከታች ደግሞ የነዋሪው ሕዝብ ቁጥር በዕድሜና በጾታ ተከፍሎ መቅረብ አለበት። የታችኛው ቁጥር ደግሞ የራሱ ችግር አለው፤ የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን፣ ደብረ ብርሃን ከዚያ ወዲህ በፋብሪካዎች መስፋፋትና ተፈናቅለው በመጡ ወገኖቻችን ምክንያት ያኔ የነበረችዋ ከተማ አይደለችም።

ዕድሜን ለምን አጥብቀን እንደምንጠይቅ በራሴ በፈጠርሁት ስሌት ላሳያችሁ። ሁለት ወረዳዎች እያንዳንዳቸው 100,000 ሕዝብ አላቸው። በሁለቱም ከ60 ዓመት በታች ላሉት ምጣኔው በዓመት ከ100,000 ሰው 20፣ ከዚያ በላይ ላሉት 500 ነው፤ ማለትም በየትኛውም ዕድሜ ያለው አደጋ እኩል ነው። በአንደኛው ወረዳ 10,000 አረጋውያን ሲኖሩ በሁለተኛው 4,000 ብቻ ቢኖሩ፣ የመጀመሪያው 68 ሕሙማን ሲመዘግብ ሁለተኛው 39 ብቻ ይመዘግባል። ወጣቶቹ ሥራ ፍለጋ የወጡበት ወረዳ እንግዲህ ያለ አንዳች ምክንያት «የካንሰር ወረዳ» የሚል ስም ይወጣለታል፤ ከዚያም የውሃው፣ የማዳበሪያው፣ የፋብሪካው ጥርጣሬ ይከተላል። ምጣኔውን በአንድ መደበኛ የዕድሜ ስብጥር ማስተካከል፣ ማለትም ሁለቱም ወረዳዎች አንድ ዓይነት የዕድሜ ስብጥር ቢኖራቸው ብሎ ማስላት፣ ይህን ዓይነቱን ሐሜት ያስቀራል።

ነገር ግን ዕድሜው ራሱ ልክ ካልሆነ ማስተካከያው ምን ያደርጋል? ካርዶቻችንን ብታገላብጡ 50፣ 55፣ 60፣ 65 የሚሉ ዕድሜዎች ከጎረቤቶቻቸው ጎልተው ይታያሉ። ሰውየው «ስልሳ ይሆነኛል» ይላሉ፣ ጸሐፊው 60 ብሎ ይጽፋል። ጥሩ መዝጋቢ ግን «በ66ቱ አብዮት ጊዜ አግብተው ነበር? የመጀመሪያ ልጅዎ የተወለደው ከ77ቱ ድርቅ በፊት ነው በኋላ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከሁለት ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜም ወደ እውነቱ ይጠጋል። የስም ነገርም እንዲሁ ነው። የቤተሰብ መጠሪያ የሌለን ሰዎች ስለሆንን ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ሦስቱም ካልተጻፉ አንዱን ሰው ከሌላው መለየት ያስቸግራል፤ ጸሐይ በአንዱ ካርድ በ«ጸ»፣ በሌላው በ«ፀ» ተጽፋ ሁለት ሕመምተኛ ትሆናለች፤ አንዳንድ እናት ደግሞ በአንዱ ቦታ የዓለም ስሟን፣ በሌላው የክርስትና ስሟን ትሰጣለች። ከሁሉ የሚከፋው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። «ታኅሣሥ 2015» ተብሎ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ሳይባል ከተተወ በሁለቱ ንባቦች መካከል የሰባት ዓመት ልዩነት አለ፤ ከጥር በኋላማ ስምንት ይሆናል። ኮምፒውተሩም ሕመምተኛዋ ከመመርመሯ በፊት እንደሞተች አድርጎ ቢያሰላ አይገርምም።

ቁጥር ሲጨምር ወዲያው «በሽታው ተስፋፋ» ለማለት መቸኮልም አይገባም። በደቡብ ኮሪያ የታይሮይድ ካንሰር ምጣኔ ከ1993 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ወደ 15 እጥፍ ሲያድግ የሞቱ መጠን ግን ከነበረበት አልተንቀሳቀሰም፤ ያደገው በአልትራሳውንድ የሚመረመረው ሰው ነበር። በእኛም ዘንድ አንድ ሆስፒታል ናሙና መርምሮ በሽታን የሚለይ የፓቶሎጂ ሐኪም ባገኘ ማግስት ወይም ጤና ጣቢያዎች የማህፀን በር ምርመራ በጀመሩ ዓመት መዝገቡ ይሞላል። ስለዚህ ከቁጥሩ ጎን ምርመራው በምን እንደተረጋገጠ፣ በናሙና ይሁን በምስል ወይስ በሐኪም ግምት፣ ተመዝግቦ መቀመጥ አለበት። በእርግጥ ሁሉም በናሙና የተረጋገጠበት መዝገብ ሲቀርብልኝ እጠራጠራለሁ፤ ናሙና ሳይሰጡ የሞቱት የት ሄዱ?

ከሕክምና በኋላ ስንቶቹ በሕይወት እንደቆዩ ማጥናት የበለጠ ይከብዳል። ስልኩ ያልመለሰ ሕመምተኛ በሕይወት እንዳለ ከተቆጠረ ውጤቱ ያማረ ይመስላል፤ የጠፋው ግን ብዙ ጊዜ የሞተው ነው። በአዲስ አበባ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመቃብር ቦታዎች የቀብር ምዝገባ ሲካሄድ ቆይቷል። በእኛ ዞን ይህን የሚተካ ነገር ብፈልግ የማገኘው እድርን ነው። የእድር ጸሐፊ የሟችን ስምና ቀን ሳይጽፍ ገንዘብ አይከፍልም፤ እንዲህ ያለ በየወሩ የሚታይ መዝገብ በእጃችን እያለ ለጥናት አለመጠቀማችን ያስቆጨኛል። በእርግጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ «እገሌ በካንሰር ነው የሞተው» የሚለው ወሬ ከመዝጋቢው አፍ ወጥቶ ሰፈር ከደረሰ፣ ከዚያ በኋላ እውነቱን የሚነግረን ቤተሰብ አይኖርም።

አሁን ለምን እንደምቸኩል ልንገራችሁ። ስዊድን የካንሰር መዝገቧን ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስታጠናክር ስለኖረች፣ የክትባት መዝገቧን ከዚህ ጋር አያይዛ ወደ 1.7 ሚሊዮን የሚጠጉ ልጃገረዶችንና ወጣት ሴቶችን መከታተል ቻለች፤ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤትም የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣውን ቫይረስ የሚከላከለውን የኤችፒቪ ክትባት ከ17 ዓመታቸው በፊት በወሰዱት ላይ የማህፀን በር ካንሰር በ88 በመቶ መቀነሱን አሳየ። እኛ ይህንኑ ክትባት ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት የጀመርነው በ2011 ዓ.ም. ነው። ያኔ የተከተበችው ልጅ 35 ዓመት የሚሞላት በ2032 ዓ.ም. ይሆናል። በሽታው የሚበዛበት ዕድሜ ላይ ሳትደርስ፣ ያልተከተቡት ታላላቆቿ በዚህ ዞን በምን ያህል ምጣኔ እንደሚያዙ ካልመዘገብን፣ ክትባቱ ምን ያህል እንደጠቀመ የምናነጻጽርበት መነሻ አይኖረንም። ያለፉት ዓመታት ሕሙማን ተመልሰው አይጠየቁም፤ ካርዳቸውም ቢሆን በየጊዜው ይጠፋል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ለምዝገባ የሚያገለግለው ካንሬግ የተባለው ሶፍትዌር ያለ ክፍያ ይገኛል፤ የበሽታው ቦታና ዓይነት የሚመደብበት ዓለም አቀፍ መለያም የታወቀ ነው። የጎደለው በየሆስፒታሉ የፓቶሎጂ፣ የቀዶ ጥገና፣ የማህፀንና የሕፃናት ክፍል መዝገቦችን በየሳምንቱ የሚያገላብጥ፣ ወደ አዲስ አበባ የተላኩትን ስም ዝርዝር ይዞ ውጤታቸውን የሚከታተል ደመወዝተኛ ሠራተኛ ነው። ይህን ሥራ ለተማሪ ወይም ለትርፍ ሰዓት የምንተወው ከሆነ ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ያልተሟላ መዝገብ ይኖረናል። እስከዚያው ከነገ ጀምሮ በካርዱ ላይ ሦስት ነገሮች ይጻፉልን፤ የአያት ስም፣ ሕመምተኛው ላለፈው አንድ ዓመት የኖረበት ወረዳና ቀበሌ፣ ከቀኑም አጠገብ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ.።

በቀሪው ጊዜ ከካርድ ክፍል ባልደረቦች አሁን ባለው ወረፋ ይህን መጠየቅ ይቻል እንደሆነ፣ የማይቻል ከሆነም ምን እንደሚያግዳቸው ብሰማ እመርጣለሁ። አመሰግናለሁ።