የአጎቷ ደም

ለዛሬ ሌላ ርዕስ አዘጋጅቼ ነበር፤ ነገር ግን እሑድ አራት ኪሎ እቴቴ ቤት የሰማኋት አንዲት ቃል እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣችም።

ቡናው ተቆልቶ እቴቴ ወደ ሙቀጫው ዞሩ። የገዛሁላቸው የቡና መፍጫ ዛሬም ከነካርቶኑ ቁም ሣጥኑ ላይ እንደተቀመጠ ነው። የመጀመሪያው ዘነዘና ሲያርፍ የአራት ወሯ የእህቴ ልጅ እጅና እግሯን አወራጭታ አለቀሰች፤ እቴቴም ዘነዘናውን ከእጃቸው ሳያስቀምጡ «የአጎቷ ደም ነው» አሉ። ማንም አልተነፈሰም። እህቴ ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋች፤ እኔ ስኒ መደርደር ጀመርሁ፤ የተደረደረውን ስኒ። አጎቷ፣ ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም የያዘው ወንድሜ ነው፤ በዚያ ቤት ስሙ የሚነሣው እንዲህ፣ በዘወርዋራው ብቻ ነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጀሮም ኬገን ሃርቫርድ ውስጥ የአራት ወር ሕፃናትን እንግዳ ድምፅ እያሰማ ሲያጠና፣ ከአምስቱ አንዱ ያህል እንደ እኛዋ ይወራጩና ያለቅሱ ነበር። ከእነዚያ ዓይናፋርና ጠንቃቃ ሆነው ያደጉ አሉ፤ ብዙዎቹ ግን የተፈራላቸውን ያህል ፈሪ አልሆኑም። ደግሞስ ድንጉጥነት ከስኪዞፍሬኒያ ጋር አንድ ነውን? ወንድሜ በልጅነቱ ነጎድጓድ ሲያጓራ ወደ ደጅ የሚሮጥ ልጅ ነበር። ድንጉጧ እኔ ነበርሁ፤ በር ሦስቴ የምቆልፈው እኔ! ይህን ያን ጊዜ መናገር ሲገባኝ ስኒ ደረደርሁ።

«ደም» የሚባለውም ቢሆን አንድ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ሰፊ ጥናት ከስኪዞፍሬኒያ ጋር የተያያዙ 287 የዘረ መል ሥፍራዎችን ለይቷል፤ እያንዳንዱ የሚጨምረው ተጋላጭነት ግን ኢምንት ነው፤ አጎታቸው የታመመባቸው አብዛኞቹ ልጆችም ሕመሙ ሳይነካቸው ይኖራሉ። ናሙናው በአብዛኛው የአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ሰዎች የተወሰደ በመሆኑ፣ ከእርሱ የሚሰላው የተጋላጭነት ነጥብ፣ ማለትም የአንድን ሰው የዘረ መል ተጋላጭነት ደምሮ የሚገምተው ቁጥር፣ ለእኛ ሰው በአግባቡ አይሠራም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተሳተፈበት፣ ኒውሮጋፕ ሳይኮሲስ የተባለው የዘረ መል ጥናት ከኢትዮጵያ፣ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳና ከደቡብ አፍሪካ ናሙና የሰበሰበው ይህን ጉድለት ለመሙላት ነው። ደስ ይለኛል። ደስ ይለኛል ብዬ ግን፣ ነጥቡ አንድ ቀን ለእኛም የሚሠራ ቢሆን ያቺን ሕፃን እናስመርምራት? ዝቅ ያለ ከሆነ ወረቀቱን ይዤ እቴቴ ዘንድ እሮጣለሁ። ከፍ ያለ ከሆነስ? ያን ጊዜ እቴቴ ያሉትን ቃል እኔ በቁጥር ልደግመው ነው ማለት ነው? ወይስ... አላውቅም።

ትናንት ማታ እህቴ ደውላ «በር ሲዘጋ እንኳ ትደነግጣለች፤ ደኅና ናት አይደል?» አለችኝ። ደኅና ናት አልኋት። ጥያቄዋን ሳትጨርስ ነው ያልኋት መሰለኝ፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም...