መዝገቡ የት ያድራል?

የተከበራችሁ ዳኞች፣ ዐቃቤያነ ሕግ፣ ጠበቆች፣ ሬጅስትራሮችና የመዝገብ ቤት ሠራተኞች፣ አስታራቂ ሽማግሌዎች የሆናችሁ አባጋሮቻችን፣ እንግዶቻችን፦ እንኳን ወደ ደሴ በሰላም መጣችሁ። ከላሊበላና ከቆቦ ሌሊት ተነስታችሁ የመጣችሁ፣ ቡናው ከኋላ በኩል አለ። እኔ እየተናገርኩ ብትነሱም አልቀየምም።

የዘንድሮው ርዕሳችን «ድንገተኛ አደጋና የፍርድ ቤት ሥራ ቀጣይነት» ይላል። ርዕሱ ቢሮ ቢሮ ይሸታል፣ አውቃለሁ። ጥያቄው ግን ቀላል ነው። ነገ ጠዋት በሩ ባይከፈት ችሎቱ የት ይቀመጣል? መዝገቡስ የት ያድራል?

አንድ ያየሁትን ላጫውታችሁ። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር መገባደጃ ጦርነቱ ከደሴና ከኮምቦልቻ ፈቀቅ ካለ በኋላ፣ የአንድ ደንበኛዬን ጉዳይ ልጠይቅ ወደ አንድ ወረዳ ፍርድ ቤት ሄድኩ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ብዙዎቻችሁ የራሳችሁ ይመስላችኋል። በሩ ተገንጥሏል። ኮምፒውተር የለም፣ ማኅተም የለም። ወለሉ በወረቀት ተሸፍኗል፣ ወረቀቱ ላይ ደግሞ የጫማ ዱካ አለ። ከፊሉ ለእሳት ማቀጣጠያ ውሏል። ሬጅስትራሯ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ገጽ ከገጽ ታገናኛለች። ቁጥር ያለው ሽፋን ስለጠፋ የምትለየው በእጅ ጽሕፈት ነው። «ይቺ የእገሌ እጅ ናት፣ ሁለተኛ ችሎት ነበረ» እያለች ወደ ግራ ታስቀምጣለች። «ይሄ ደግሞ ያ ፊደል የሚያጋድመው» ትልና ወደ ቀኝ። እንዲህ እያለች ስንት ቀን እንደሠራች አልጠየቅኳትም።

እኔ እዚያው እያለሁ አንድ አባት ገቡ። ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና ከጋቢያቸው ስር ፌስታል አወጡ። ፌስታሉ ውስጥ ሌላ ፌስታል አለ። እዚያ ውስጥ የመሬት ደብተራቸው፣ በደብተሩ መሀል ደግሞ ለአራት የታጠፈ የፍርድ ግልባጭ። ማኅተሙ ቁልጭ ብሎ ይታያል። «ልጄ፣ ከእናንተ ዘንድ ቢጠፋ ከእኔ ዘንድ አለ» አሏት። ልጅቷ ብድግ ብላ በሁለት እጇ ተቀበለቻቸው። ያ የድንበር ክርክር መዝገብ እንደገና የተደራጀው ከዚያ ፌስታል ተነስቶ ነው።

እኔ እዚያ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ እኚያ አባት ከፍርድ ቤቱ የተሻለ የመጠባበቂያ ዕቅድ እንደነበራቸው ነው። ኮፒ አላቸው፣ ኮፒው ሌላ ቦታ ያድራል፣ የት እንዳለም ያውቁታል። ዛሬ የምናወራው ይኼንኑ ነው።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በ2005 እ.ኤ.አ. ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ የአሜሪካዋን ኒው ኦርሊንስ ሲያጥለቀልቅ፣ የወንጀል ፍርድ ቤቱ ኤግዚቢት የሚቀመጠው ምድር ቤት ነበር። ውኃው እዚያ ድረስ ገባ። ያን ያህል ሀብት ያለው አገር ማስረጃውን ውኃ ከሚገባበት ቦታ አስቀምጦት ነበር። የእኛስ መዝገብ ቤት የት ነው? አብዛኛው ምድር ላይ፣ ከኋላ፣ ጣሪያው የሚያፈስበት ክፍል። ክረምት ሲገባ የቦርከና ወንዝ እንዴት እንደሚሞላ የደሴና የኮምቦልቻ ሰው ያውቃል። ከጦሳ ተራራ ግርጌ የሚኖር ደግሞ የመሬት መንሸራተትን ያውቃል። በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፈራርሶ የአዲስ አበባን መንገድ ሰነጣጥቆ እንደነበር አረጋውያን ይነግሯችኋል። አደጋ ማለት ጦርነት ብቻ አይደለም ለማለት ነው።

አሁን አንዳንድ ቦታ መዝገብ ስካን ማድረግ ተጀምሯል። ጥሩ ነው። ባለፈው አንዱን ቢሮ «ባክአፑ የት ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ኃላፊው መሳቢያውን ሳብ አድርጎ ሃርድ ዲስኩን አሳየኝ። ኮምፒውተሩ ያለው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው! ሌባም ቢመጣ እሳትም ቢነሳ ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የሚወስደው። አንደኛው ሌላ ከተማ ይደር። የወልዲያው ደሴ፣ የደሴው ደግሞ ባሕር ዳር። ስካነር የሌለው ቢያንስ የቀጠሮ መዝገቡንና የውሳኔ መዝገቡን በየሳምንቱ በስልኩ ፎቶ ያንሳ። ምስጢር የሚጠበቅባቸውን መዝገቦች በተመለከተ ግን ፎቶው በማን እጅ እንደሚቀመጥ አስቀድሞ በጽሑፍ ይወሰን። የሰው ገመና ቴሌግራም ላይ እንዳይንከራተት።

ሁለተኛው ነገር፣ ሁሉም ጉዳይ እኩል አይቸኩልም። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች በከፊል ተዘግተው አስቸኳይ ጉዳዮችን ብቻ አዩ። ማለትም አስቸኳዩ ከማይቸኩለው ተለይቶ ነበር። እኛ ዘንድ ግን በችግር ጊዜ የሚለየው እንደ ዳኛው ነው። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ ይደነግጋል፣ ለጉዞ ከሚያስፈልገው ጊዜ በስተቀር። ሕንጻው ስለተዘጋ ያ ሰዓት አይቆምም። ተረኛ ችሎት በትምህርት ቤትም በቀበሌ አዳራሽም ይቀመጥ፣ ግን የት እንደሆነ ፖሊስ ቀድሞ ይወቀው። የልጆች ቀለብና የእግድ አቤቱታም እንዲሁ አያድርም። የአጥር ክርክሩ ግን ይጠብቃል።

ባለጉዳይ የይግባኝ ቀን ሲያልፍበት አይቻለሁ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን የሚሰጠው 60 ቀን ነው። በበቂ ምክንያት ላሳለፈ ሰው የማስፈቀጃ በር አለ። ነገር ግን ፍርድ ቤቱ ዝግ እንደነበረ ገበሬው በምን ያስረዳ? እኛው ከዚህ እስከዚህ ቀን ዝግ ነበርን የሚል አንድ ገጽ ማስታወቂያ ማኅተም አድርገን መስጠት አለብን። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

በዚያ የጭንቅ ጊዜ አገሩ ያለ ዳኛ አልቀረም። አባጋሮቻችን በየመንደሩ፣ በራያ ቆቦ በኩል ደግሞ ዘወልድ የሚባለው የሽምግልና ሥርዓት ሽማግሌዎች ብዙ ጸብ አብርደዋል። ዛሬ እዚህ መቀመጣቸው ለወግ አይደለም። በዕቅዳችን ውስጥ ስማቸው ይግባ፣ የጨረሱት ጉዳይ ደግሞ በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ሲከፈት ይቅረብ። የነፍስ ግድያ ግን ለመንግሥት ዳኝነት ይቆይ። በዚህ አባጋሮቹም ከኔ ጋር ይስማማሉ፣ ትናንት ማታ ተጨቃጭቀንበታል።

እኛ ወሎዬዎች አይዞህ ለማለት «አብሽር» እንላለን። የምወዳት ቃል ናት። ስለ መዝገብ ጥበቃ በጠየቅኩ ቁጥር የምሰማት መልስ እሷ መሆኗ ግን ያሳስበኛል። ባለፉት ሦስት ስብሰባዎች «አብሽር፣ ይሠራል» ተብያለሁ። እስካሁን አንድ ወረዳ ዕቅዱን ጽፎ አላመጣልኝም።

እናም ጠረጴዛችሁ ላይ ባዶ ወረቀት አለ። በየወረዳችሁ ተቀመጡና ጻፉ። የመዝገብ ቤቱ ቁልፍ ማን ጋ ነው፣ እሱ ባይኖርስ? ተለዋጭ ችሎት የት ይቀመጣል? ኮፒው የት ያድራል? ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ማን ለማን ይደውላል? ከምሳ በፊት እሰበስባለሁ። የመዝገብ ቤት ሠራተኞች ከኋላ ተቀምጣችኋል፣ እባካችሁ ወደ ፊት ኑ። ብዕሩን እናንተ ያዙ።