ለፕሬዚዳንቱ እውነቱን የጻፈው ሚኒስትር

እንደምን አመሻችሁ! እናቶች፣ አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ደግሞ ከኋላ የተቀመጣችሁ ልጆች፣ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ከመካከላችሁ ዋሽንግተን ከተማ ታክሲ የነዳችሁ ብዙ ናችሁ። ዛሬም የምትነዱ አላችሁ። ከዋይት ሐውስ ጎን ያለውን ትልቁን የግምጃ ቤት ሕንፃ ታውቁታላችሁ። በደቡብ በኩል የመጀመሪያው የገንዘብ ሚኒስትር የሐሚልተን ሐውልት ቆሟል። እሱን ቱሪስቱ ሁሉ ያውቀዋል። በሰሜን በኩል፣ ፔንሲልቫኒያ ጎዳና ላይ፣ ሌላ ሐውልት አለ። ብዙ ሰው ቀና ብሎ ሳያየው ያልፋል። እኔም ለዓመታት እንዲሁ አልፌዋለሁ። ዛሬ ስለዚያ ሰው ልነግራችሁ ነው የመጣሁት። አልበርት ጋላቲን ይባላል።

ጋላቲን እንደ እኛ ስደተኛ ነበር። በ1761 ጄኔቫ ተወለደ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው።) ወላጆቹን ያጣው ገና በልጅነቱ ነው። በ19 ዓመቱ ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ መጣ። እንግሊዝኛ ሲናገር የፈረንሳይኛው ለዛ ዕድሜውን ሙሉ አልለቀቀውም። በ1793 ለሴኔት ሲመረጥ «ዜግነትህ ዘጠኝ ዓመት አልሞላውም» ተባለና በዓመቱ ወንበሩን ተነጠቀ። ያ ሰው ነው እንግዲህ በ1801 ፕሬዚዳንት ቶማስ ጀፈርሰን የገንዘብ ሚኒስትር ያደረገው። እስከ 1814 ቆየ። እስከ ዛሬ በዚያ ወንበር ላይ እንደ እሱ የቆየ የለም።

ጀፈርሰንና ጋላቲን ይጻጻፉ ነበር። በጣም ይጻጻፉ ነበር። ፕሬዚዳንቱ ለኮንግረስ የሚልከውን ዓመታዊ መልእክት ያረቅና ለሚኒስትሩ ይልካል። ሚኒስትሩ አንቀጽ በአንቀጽ አይቶ አስተያየቱን ጽፎ ይመልሳል። ይሄ ቁጥር ልክ አይደለም፣ ይሄ ቃል ጠላት ያበዛብናል፣ ይሄን ብንተወው ይሻላል እያለ። ደብዳቤዎቹ ዛሬም አሉ፣ ማንም ሊያነባቸው ይችላል። እኔ ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ ማንበብ ጀምሬ ማቆም አቃተኝ።

ሁለቱን ያገናኛቸው ትልቁ ጉዳይ ዕዳ ነበር። ሥልጣን ሲይዙ አገሪቱ 83 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ዕዳ ነበረባት። ሁለቱም ዕዳ አይወዱም። ቆጥበው ቆጥበው፣ ሉዊዚያናን የሚያህል አገር በ15 ሚሊዮን ዶላር ገዝተው እንኳ፣ በስምንት ዓመት ወደ 57 ሚሊዮን አወረዱት። ታዲያ ዕዳው ሲቃለል የሚተርፈው ገንዘብ ምን ይሠራበት? ጀፈርሰን በ1805 ሁለተኛ ቃለ መሐላውን ሲፈጽም መልሱን ተናገረ። ለወንዞች፣ ለቦዮች፣ ለመንገዶች፣ ለትምህርት ይዋል አለ። ግን ሕገ መንግሥቱ ይህን ስለማይፈቅድ መጀመሪያ መሻሻል አለበት ብሎ ያምን ነበር።

ሴኔቱ በ1807 ለጋላቲን ዕቅድ አውጣ አለው። እሱም በሚያዝያ 1808 አቀረበ። እስቲ የአሜሪካን ምሥራቅ ዳርቻ ካርታ በዓይነ ሕሊናችሁ አምጡ። አንድ ጀልባ ከቦስተን ተነሥቶ እስከ ሰሜን ካሮላይና መውረድ ቢፈልግ፣ አብዛኛውን መንገድ በባሕረ ሰላጤና በወንዝ ውስጥ ተከልሎ መሄድ ይችላል። ማዕበል አያገኘውም፣ የጠላት የጦር መርከብም አያገኘውም። የሚያግዱት አራት የመሬት አንገቶች ብቻ ናቸው። አንዱ ማሳቹሴትስ ውስጥ ኬፕ ኮድ ነው። ሁለተኛው ኒው ጀርሲ፣ ሦስተኛው በዴላዌርና በቼሳፒክ መካከል፣ አራተኛው ከቼሳፒክ በታች ያለው ትልቁ ረግረግ። ጋላቲን አራቱንም እንቁረጣቸው አለ። ቦዮቹ ተደምረው 100 ማይል አይሞሉም፤ ወጪያቸው ከሦስት ሚሊዮን ዶላር ብዙም አይበልጥም። ወደ ምዕራብ የሚያሻግሩትን መንገዶችና ሌላውን ሁሉ ጨምሮ ሲሰላ 20 ሚሊዮን ነው። በዓመት ሁለት ሚሊዮን፣ ለአሥር ዓመት። ይህችን ሰፊ አገር አንድ አድርጎ የሚያቆያት ከዚህ የበለጠ የመንግሥት ሥራ የለም ብሎ ጻፈ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። ረግረጉን የሚያቋርጥ ጠባብ ቦይ ቀድሞ በ1805 ተከፍቶ ነበር። እዚያ ጭቃ ውስጥ ወገባቸው ድረስ ገብተው የቆፈሩት በባርነት የተያዙ ጥቁር ሰዎች ናቸው። ጀፈርሰን ራሱም እስኪሞት ድረስ የባሪያ ጌታ ነበር። ስለ ነፃነት በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፍ የጻፈው ሰው ማለት ነው።

አሁን ወደ አንዲት ደብዳቤ ልውሰዳችሁ። ታኅሣሥ 18 ቀን 1807 የተጻፈች ናት። እንግሊዝና ፈረንሳይ እርስ በርሳቸው እየተዋጉ የአሜሪካን መርከቦች ይይዛሉ። ጀፈርሰን ከመዋጋት ብሎ የአሜሪካ መርከቦች ከወደብ እንዳይወጡ ሊያግድ ወሰነ። ጋላቲን ነገሩን መልሶ መላልሶ አሰበበትና ብዕሩን አነሣ። ለአጭር ጊዜ ከሆነ ይሁን፣ ለዘለቄታው ከሚቆይ እገዳ ግን ጦርነት እመርጣለሁ አለ። በሕዝቡ ችግር ቢታይ፣ በገቢ ቢታይ፣ በጠላት ላይ በሚያመጣው ውጤት ቢታይ፣ በአገር ውስጥ ፖለቲካ ቢታይ። ቀጥሎ የጻፈውን በቃሌ ይዤዋለሁ፦ የመንግሥት ክልከላ ሁልጊዜ አስቀድሞ ከታሰበው በላይ ጉዳት ያደርሳል።

ይህን የጻፈው ለሾመው ሰው ነው። እገዳው ለኮንግረስ በተላከበት በዚያው ቀን ነው።

እኛ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን። አገር ቤት በአንድ መሥሪያ ቤት ስሠራ፣ አለቃዬ ሊፈርም ያለው ወረቀት ስህተት እንደሆነ እያወቅሁ ዝም ያልኩበት ቀን አለ። ሁለት መስመር ብጽፍለት ኖሮ እላለሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ለዚህ ነው ያቺ ደብዳቤ እንቅልፍ የነሣችኝ።

ጀፈርሰን አልሰማውም። እገዳው ጸደቀ። የመንግሥት ገቢ ማለት ይበልጡን የወደብ ቀረጥ ነበር። በ1808 ወደ 17 ሚሊዮን ዶላር የነበረው ገቢ በ1809 ከስምንት ሚሊዮን በታች ወረደ። ቦዮቹ ሊቆፈሩበት የነበረው ትርፍ ገንዘብ እንደዚያ ነው የተነነው። ዕቅዱ ሴኔት ሲደርስ እገዳው አራተኛ ወሩን ይዞ ነበር።

ደግሞ ቀረጥ ሰብሳቢዎቹ በእሱ ሥር ናቸውና እገዳውን የማስፈጸም ዕዳ የወደቀው በጋላቲን ላይ ነው። ሥራውን በሚገባ ሠራ። በሐምሌ 1808 ግን እንደገና ጻፈ፤ ኮንግረስ ወይ ያለ ገደብ የሚያዝ ሥልጣን ይስጠን፣ ወይ ይህን ነገር ጭራሽ ይተወው አለ። ጀፈርሰን ከሥልጣን ሊወርድ ሦስት ቀን ሲቀረው እገዳውን የሚያነሣውን ሕግ ፈረመ።

ብዙ መሪ እንዲህ ያለ ሚኒስትር ዓይኑን ማየት አይፈልግም። ጀፈርሰን ግን በ1809 መጨረሻ፣ ቤቱ ተቀምጦ ሳለ፣ ጋላቲን ሥራ ሊለቅ መሆኑን ሲሰማ እባክህ አትልቀቅ ብሎ ጻፈለት። ዕዳው ከተከፈለ አገራችንን በሰላም ጊዜ የምናለማበት፣ በጦርነት ጊዜ የምንከላከልበት ገንዘብ ይኖረናል አለው። ከስምንት ዓመት በኋላም፣ ጋላቲን ፓሪስ አምባሳደር ሳለ፣ ስለ ቦይ ይጽፍለት ነበር። ፕሬዚዳንት ማዲሰን የመንገድና የቦይ በጀት ሕጉን ውድቅ ማድረጉን ነገረው፤ ደግ አደረገ ብሎ። ጀፈርሰን ሕገ መንግሥቱ ካልተሻሻለ የሚለውን አቋሙን እስከ መጨረሻው አልለቀቀም። እኔ በዚህ ከጋላቲን ጋር ነኝ። እሱ ግዛቶቹ ከፈቀዱ ሥራው ሊጀመር ይችላል ባይ ነበር።

በዚያው በ1817 ኒው ዮርክ የፌዴራሉን ገንዘብ መጠበቅ ትታ ኢሪ ቦይን በራሷ ገንዘብ መቆፈር ጀመረች። 363 ማይል ነው። በ1825 አለቀ። ጀፈርሰን በሕይወተ ሥጋ ሳለ ማለት ነው፤ የሞተው በዓመቱ ነው።

የጋላቲን አራት ቦዮችስ? አራቱም ተቆፈሩ። የዴላዌርና የቼሳፒኩ በ1829 ተከፈተ፣ የኒው ጀርሲው በ1834። ጋላቲን እስከ 1849 ኖሯልና ሁለቱን በሕይወት ሳለ አየ። በረግረጉ በኩል ያለው ሰፊው ቦይ በ1859፣ ኬፕ ኮድ በ1914 ተከተሉ።

የ1829ኙ ቦይ ዛሬም ይሠራል። ሜሪላንድ ውስጥ ቼሳፒክ ሲቲ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ ከዚህ ሁለት ሰዓት ብትነዱ ነው። ዳር ላይ ቆማችሁ ፎቅ የሚያህል የጭነት መርከብ በቤቶቹ መካከል ቀስ ብሎ ሲያልፍ ታያላችሁ። ልጆቹን ይዘን አንድ ቅዳሜ እንሂድ። መኪና ያላችሁ ስትወጡ በር ላይ ስማችሁን አስመዝግቡልኝ። አመሰግናለሁ።