መኪናዋ የት ታድራለች?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ፤ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ላወራችሁ ነው። በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ፣ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ መኪና ልግዛ የሚል ሁሉ "አንዴ ቻርጅ ተደርጋ ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች?" ይላል። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው ማታ የት እንደምታድር ነው።

የቤታችን ሶኬት 220 ቮልት ነው። 10 አምፔር ሲሳብበት 2.2 ኪሎ ዋት ይሰጣል። ማታ 2 ሰዓት ሰክታችሁ ጠዋት 12 ሰዓት ብትነቅሉ ቆጣሪው 22 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቆጥራል። ጥቂቱ በሙቀት ቢባክንም፣ የቀረው አንዲት መለስተኛ መኪና 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስኬዳታል። ለደሴ ኮምቦልቻ ምልልስ ይተርፋል። መብራት አንድ ሌሊት ቢጠፋስ? አብሽሩ፣ የትናንቱ አለ፤ ባትሪው እስኪያልቅ መጠበቅ ነው የማያዋጣው።

ዳገቱንም ብዙ ሰው ይፈራዋል። ደሴ ከኮምቦልቻ 600 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ሁለት ቶን የምትመዝን መኪና ለዚያ ከፍታ ብቻ ከ3 ኪሎ ዋት ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ ትፈልጋለች፤ በቃ። ስትወርድ ደግሞ ሞተሩ ራሱ ጄኔሬተር ሆኖ መኪናዋን እየያዘ ከፊሉን ለባትሪው ይመልሳል። በዚያ ቁልቁለት ከከባድ መኪና ኋላ የወረደ ሰው የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ያውቃል፤ ያ ሁሉ የሚባክን ጉልበት ነው። ግን ልብ በሉ፤ ከደሴ ባትሪውን 100 በመቶ ሞልታችሁ ከተነሳችሁ ባትሪው የሚቀበልበት ቦታ ስለሌለው መኪናዋ በፍሬን ብቻ ትወርዳለች። ወደ ታች ለሚሄድ 85 ወይም 90 በመቶ ይበቃል።

የሚያሳስበኝ ተከራዩ ነው። በአንድ ግቢ አራት አምስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማል። እንጀራ የሚጋገረው እንኳ በተራ ነው። እውነቱን ለመናገር የኤሌክትሪክ ምጣድ ከመኪናዋ ይበልጥ ይስባል፤ ግን እሱ ቶሎ ይነቀላል፣ መኪናዋ ሌሊቱን ሙሉ ትስባለች። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሰኩ ብሬከሩ ይወርዳል፣ ወር ሲደርስ ደግሞ በሂሳቡ ጭቅጭቅ ይነሳል። አከራዩን አልወቅስም፣ ስንት እንደገባ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ከመግዛታችሁ በፊት "እትዬ፣ ከዋናው ቆጣሪ ሥር ለመኪናዬ ብቻ የሚቆጥር የራሴን ትንሽ ቆጣሪ ላስገባ" ብላችሁ ተነጋገሩ። እሺ ካላሉ እና በሰፈራችሁ ቻርጅ ማድረጊያ ከሌለ፣ ለጊዜው አትግዙ ነው የምለው።

ተራ ሃይብሪድ፣ ማለትም የነዳጅ ሞተርም ትንሽ ባትሪም ያላት መኪና ያለው ሰው፣ ገመድ አይፈልግም፤ በቁልቁለት የሚመለሰውን ጉልበት እሱም ይጠቀምበታል። በጣርማበር አድርጎ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ ለሚመላለስ፣ ወይም ሥራው ላሊበላ ድረስ ለሚወስደው፣ ዛሬ የሚሻለው እሱ ይመስለኛል። ነዳጅ ግን ይጠይቃል፤ ሰልፉ አይቀርለትም።

አሁን ቤት እየሠራችሁ ያላችሁ ደግሞ አደራ፣ ግድግዳው ሳይለሰን ከቆጣሪው እስከ መኪና ማቆሚያው ድረስ ወፍራም ገመድ ለብቻው ከነብሬከሩ አስቀብሩ፤ የመሬት መስመሩም (ኧርዙ) አይዘለል። ኋላ ግድግዳ ከመሰርሰር ያድናችኋል። ሳምንት እንገናኝ።