ስልኩ ጂረን ነበር፤ ሰውዬውስ?

ብሩክ፦ እንደምን ዋላችሁ! ዛሬም ከጂማ ነን። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለሆነ ድምፁን ቻሉን።

ሀያት፦ ቡናም እየተቆላ ነው። ሲንጣጣ ብትሰሙ አትደንግጡ።

ብሩክ፦ ርዕሳችን ፖሊስና ደህንነት የስልክ መረጃን ለምርመራ እንዴት እንደሚጠቀሙበት ነው። ሀያትዬ፣ በወንድምሽ ጣጣ እንጀምር?

ሀያት፦ እሱማ አይረሳም! ታናሼ መርካቶ ያገለገለ ስልክ ገዛ። ደረሰኝ የለ፣ ካርቶን የለ። የራሱን ሲም ከተተና ሦስት ወር ተንሸራሸረበት። ከዚያ ጣቢያ ተጠራ። ስልኩ የሌባ እጅ ነበር ለካ። እማዬ ያን ቀን ያላደረገችው ዱዓ የለም።

ብሩክ፦ እንዴት ደረሱበት?

ሀያት፦ እኔ ስልክ ስጠግን ስለኖርኩ ወዲያው ገባኝ። *#06# ብላችሁ ብትጫኑ 15 አሃዝ ይወጣል፤ አይኤምኢአይ የሚባለው የቀፎው መለያ ቁጥር ነው። ሲም ብትቀያይር ቀፎው ኔትወርክ ሲይዝ ያንኑ ቁጥር ይናገራል። ባለንብረቱ ካርቶኑን አስቀምጦ ነበር፤ ቁጥሩም እዚያው ላይ ተለጥፏል። በዚያ ቁጥር ነው የታናሼን ሲም ያገኙት።

ብሩክ፦ አየሽ፣ ማንም ጆሮውን ደቅኖ አላዳመጠውም። ሰዉ "ስልኬ ተጠልፏል" ሲል ወሬውን የሚሰማ ሰው ነው የሚታየው። አብዛኛው የምርመራ ሥራ ግን የጥሪ ዝርዝር ላይ ነው፦ ማን ለማን፣ በስንት ሰዓት፣ ለስንት ደቂቃ፣ በየትኛው ታወር በኩል ደወለ። የተባለው ነገር እዚያ ውስጥ የለም።

ሀያት፦ የተባለው ከሌለ ታዲያ ምን ይፈይዳል?

ብሩክ፦ የቤይሩቱን ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. የካቲት 14 ቀን 2005 የቀድሞው የሊባኖስ ጠቅላይ ሚኒስትር ራፊቅ ሐሪሪና ሌሎች 21 ሰዎች በቦምብ ተገደሉ። ዊሳም ኢድ የሚባል የፖሊስ መኮንን የጥሪ ዝርዝሮቹን ይዞ ተቀመጠ። እርስ በርስ ብቻ የሚደዋወሉ ጥቂት ስልኮች አገኘ። ለእናት አይደወል፣ ለጓደኛ አይደወል። ሥራ የጀመሩት ጥር ላይ ነው፤ ፍንዳታው ሊደርስ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ዝም አሉ።

ሀያት፦ ዝም ማለታቸው አሳበቀባቸው በለኛ!

ብሩክ፦ ታዲያስ። ከዚያ ደግሞ የሚስጥር ስልኩ በሄደበት ሁሉ አብሮ የሚሄድ ሌላ፣ የዘወትር ስልክ ተፈለገ። ሁለቱ ከተማውን አብረው ከዞሩ የአንድ ሰው ኪስ ውስጥ ናቸው ማለት ነው። ኢድ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2008 በቦምብ ተገደለ። ለዚህ ግድያ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ ልዩ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 ከተከሳሾቹ አንዱን ሳሊም አያሽን በሌለበት ጥፋተኛ ያለው በዋናነት በዚህ በስልክ ማስረጃ ነው።

ሀያት፦ እኔ ግን ታወር ላይ እንዲህ እምነት ሲጣል ይጨንቀኛል። ታወር እኮ ጂፒኤስ አይደለም። ከተማ መሃል ሰፈር ያህል ይጠቁምሃል፤ ገጠር ላይ ብዙ ኪሎ ሜትር ነው። ስልክ ሁልጊዜም ቅርቡን ታወር አይይዝም። ጂረን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጋ ቆመህ ከተማው ከሥርህ ነው፤ ማዶ ያለው ታወር ቢይዝህ አይገርምም። ወረቀቱ ላይ ግን ማዶ ነበርክ!

ብሩክ፦ ዴንማርክ ይሄው ጉድ ወጥቶባታል። እ.ኤ.አ. በ2019 የጥሪ መረጃውን ለፖሊስ የሚያዘጋጀው ፕሮግራም ከፊሉን እየጣለ እንደነበር ታወቀ። የአንዳንድ ታወሮች ቦታም ተሳስቶ ተገኘ። ማስረጃው ለሁለት ወር ፍርድ ቤት እንዳይቀርብ ታገደ፤ 32 ተጠርጣሪዎች ከእስር ወጡ፤ ከ2012 ወዲህ ያሉ ከ10 ሺህ በላይ መዝገቦች እንደገና እንዲታዩ ሆነ።

ሀያት፦ አስር ሺህ! ሰው ሲመሰክር ይዋሻል ይባላል፣ ኮምፒውተር ያወጣው ወረቀት ሲቀርብ ግን ማን መስቀለኛ ጥያቄ ይጠይቀዋል?

ብሩክ፦ ጠበቃው መጠየቅ አለበታ። ወደ እኛው ሕግ ልምጣ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 በስልክ የሚደረግ ግንኙነት እንዳይደፈር ይጠብቃል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ አገልግሎት ሰጪው የትራፊክ ዳታውን፣ ማለትም የግንኙነቱን ዝርዝር፣ ቢያንስ አንድ ዓመት እንዲያቆይ ያዛል፤ ፍርድ ቤት ካላዘዘ ግን ምስጢር ነው። ለጠለፋም የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። ነገሩ አጣዳፊ ከሆነ በአዋጁ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ፣ ዛሬ በእሱ ቦታ ያለው የፍትሕ ሚኒስትሩ፣ መፍቀድ ይችላል፤ ምክንያቱን ግን በ48 ሰዓት ውስጥ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ያቀርባል።

ሀያት፦ ወረቀት ላይ ያምራል። ትእዛዙ ሲጠየቅ አንተ እዚያ የለህም፤ የተጠየቀብህ መሆኑንም አታውቅም። ዳኛው ካልጠየቀልህ ማን ይጠይቅልሃል?

ብሩክ፦ እሱ ላይ አልከራከርሽም። በተለይ የአንድ ሰው ሳይሆን የታወሩ ዝርዝር በሙሉ ሲጠየቅ።

ሀያት፦ እሱን አስረዳ፣ ሰው አያውቀውም።

ብሩክ፦ ሐሙስ ገበያ ቀን ሂርማታ ላይ አንድ ሱቅ ተዘረፈ እንበል። መርማሪው በዚያ ሰዓት በአካባቢው ታወር ያለፉትን ቁጥሮች ሁሉ ይጠይቃል።

ሀያት፦ እኔም አለሁበታ! ሐሙስ በርበሬ ልገዛ ወጥቼ ነበር።

ብሩክ፦ አለሽበት፤ ሺዎች አሉበት። በሳምንቱ አጋሮ ላይ ተመሳሳይ ዝርፊያ ይፈጸማል። የአጋሮው ታወር ዝርዝርም ይመጣና ሁለቱ ይመሳከራሉ። ከሺዎቹ ሁለቱም ቦታ የተገኙ ጥቂት ቁጥሮች ይቀራሉ። በጣም ጠንካራ ዘዴ ነው፤ ሌባ የተያዘበት ነው።

ሀያት፦ ቆይ፣ ሁለቱም ቦታ ሁሌ የሚገኘው ማነው?

ብሩክ፦ ማነው?

ሀያት፦ የአጋሮ መስመር ሚኒባስ ሹፌር ነዋ! ረዳቱም አብሮት።