ከአልማዝ ይልቅ ቀንድ የመረጠው ወርቅ ሠሪ

እንደምን አመሻችሁ! ወርቅ ሠሪዎች፣ በዚህ ዝናብ ሱቃችሁን ዘግታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ተማሪዎችም በርከት ብላችሁ ስላየኋችሁ ደስ ብሎኛል።

ወደ ወሬው ከመግባቴ በፊት ይሄን እዩልኝ። የቀንድ ዋንጫ ነው፤ አያቴ ጠላ ይጠጡበት ነበር። እንዲሁ ሲያዩት ጥቁር ቡናማ ነው፣ ዓይን አይስብም። አሁን ወደ አምፖሉ ላስጠጋው። አፉ ላይ፣ ሳሳ ያለበትን ቦታ ታያላችሁ? ማር መሰለ። ውስጡ ደግሞ ጭስ የመሰለ መስመር እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ስንት ዓመት ሙሉ ቤታችን ቁም ሳጥን ላይ ሲቀመጥ አንድም ቀን ወደ ብርሃን አንስቼው አላውቅም ነበር። ያነሳሁት ስለ አንድ ፈረንሳዊ ወርቅ ሠሪ ካነበብኩ በኋላ ነው።

ሰውዬው ሬኔ ላሊክ ይባላል። ዛሬ የማወራችሁ ስለሱ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ እንዳትደናገሩ።

በ1860 ተወለደ፣ ሻምፓኝ በሚባለው የወይን አገር፣ አይ በምትባል ትንሽ ከተማ። በ1876 አባቱ ሞተ። ልጁ ገና 16 ዓመቱ ነበር፤ እዚያው ዓመት ፓሪስ ውስጥ ሉዊ ኦኮክ የተባለ ወርቅ ሠሪ ዘንድ ሙያ ሊማር ገባ። ቀጥሎ ሁለት ዓመት እንግሊዝ አገር ተማረ። ሲመለስ እንደ ካርቲዬና ቡሽሮን ላሉ ትልልቅ የጌጥ ቤቶች ንድፍ እየሠራ መሸጥ ጀመረ። ጌጡ የሚሸጠው ታዲያ በባለሱቆቹ ስም ነው። እዚህ መሀላችን እንዲህ ሆኖ የኖረ፣ ሥራው በሌላ ሰው ቪትሪን ውስጥ ሲያበራ ከመንገድ ማዶ ቆሞ ያየ ብዙ ሰው አለ፣ እኔም አንዱ ነኝ፣ ስለዚህ ይሄን ዘመኑን ብዙ ማብራራት አያስፈልገኝም። በ1880ዎቹ አጋማሽ ላይ የራሱን ወርክሾፕ ያዘ።

የዚያን ጊዜው ገበያ ምን ይመስል እንደነበር ግን ማወቅ አለባችሁ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በ1860ዎቹ መጨረሻ አልማዝ ተገኘ። ፓሪስ በአልማዝ ተጥለቀለቀች። ከዚያ በኋላ ጌጥ ማለት ነጭ ድንጋይ በነጭ ድንጋይ ላይ መደርደር ሆነ። ወርቅ ሠሪው ሥራው ድንጋዩን መያዝ ብቻ ነው፤ ገዢው የሚጠይቀው «ስንት ካራት ነው?» ብሎ ነው (ካራት እዚህ የድንጋዩ ክብደት ነው)፣ ሻጩም የሚመልሰው በካራት ነው፣ እና ማን ነደፈው፣ ማን ሠራው የሚለው ነገር ከወሬው ውስጥ ወጣ። የኛን ገበያ አልመሰላችሁም? ደንበኛ ገብቶ መጀመሪያ የሚያየው ሚዛኑን ነው።

ላሊክ በ1890ዎቹ የሠራው ነገር ይሄን የሚገለብጥ ነበር። ቀንድ ወሰደ። የከብት ቀንድ! ቀንድ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ እንደፈለጉ ያጎብጡታል፣ ይጠርቡታል። ከሱ የፀጉር ማበጠሪያ ሠራ፤ አበባ፣ ቅጠል፣ ነፍሳት ቀረጸበት፤ አልማዙን እንደ ጤዛ ጠብታ ጠርዙ ላይ ጣል አደረገበት። ዋጋው የት እንደሄደ አያችሁ? አልማዙ አጃቢ ሆነ። ዋናው ቀንዱ ነው፣ ቀንዱን የጠረበው እጅ ነው። የፓሪስ ሴቶችም ገዙት።

አሁን አንዱን ሥራውን ጠጋ ብለን እንየው። ሊዝበን ከተማ፣ ፖርቱጋል ውስጥ፣ ጉልቤንኪያን ሙዚየም የሚባል አለ። ካሉስት ጉልቤንኪያን በነዳጅ የከበረ አርመናዊ ሰው ነው፤ የላሊክ ወዳጅም ደንበኛም ነበር፣ ከመቶ በላይ ሥራ ሰብስቦለታል። እዚያ ውስጥ ደረት ላይ የሚደረግ አንድ ጌጥ አለ፣ የተሠራው ከ1897 እስከ 1898 ባለው ጊዜ ነው ይባላል። ወንዝ ዳር የምናያትን፣ አራት ክንፍና ቀጭን ረጅም ገላ ያላትን በራሪ ታውቋት የለ? እሷ ናት። ግን ከአፏ ውስጥ የአንዲት ሴት ግማሽ አካል እየወጣ ነው። የሴትየዋ አካል ክሪሶፕሬዝ ከሚባል አረንጓዴ ድንጋይ የተጠረበ ነው። ከታች ደግሞ የአሞራ የሚመስሉ ትልልቅ የወርቅ ጥፍሮች ተዘርግተዋል። ክንፍ ለክንፍ ሲለካ ከ26 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው፤ ማለትም የለባሿን ደረት አብዛኛውን ይሸፍናል። ክንፎቹ ይታጠፋሉ፣ ስለዚህ ከለባሿ ጋር ይንቀሳቀሳሉ።

እኔ እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ፎቶውን ሳይ ደነገጥኩ። የምታምር ነገር ናት አላልኩም። ሴትየዋ እየተዋጠች ነው ወይስ እየተወለደች? አይታወቅም። ደጋግሜ ካየኋት በኋላ ነው ዓይኔ ወደ ክንፎቹ የሄደው። ሙያው ያለው እዚያ ነው።

ክንፎቹ ኢናሜል ናቸው። ኢናሜል ምንድነው? የተፈጨ ባለቀለም ብርጭቆ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ብዙውን ጊዜ ብረት ላይ ይደረግና እሳት ውስጥ ሲገባ ቀልጦ ይጣበቃል። ፈረንሳዮቹ «ፕሊክ አ ዡር» በሚሉት ዘዴ ግን ከጀርባው ብረት የለም። በወርቅ ሽቦ ትንንሽ መስኮቶች ይሠራሉ። ከሥር ለጊዜው ስስ ቅጠል ብረት ይደረጋል፣ መስኮቶቹ በብርጭቆው ዱቄት ይሞላሉ፣ ይተኮሳሉ፣ ይጎድላሉ፣ እንደገና ይሞላሉ፣ እንደገና ይተኮሳሉ። መጨረሻ ላይ ያ የታችኛው ቅጠል በአሲድ ይበላል። የሚቀረው በወርቅ አጥንት ላይ የተንጠለጠለ ብርጭቆ ብቻ ነው፤ ብርሃን ከኋላ ሲመጣ እንደ ቤተ ክርስቲያን መስኮት ያልፍበታል። አንዱ መስኮት እሳት ውስጥ ከተሰነጠቀ ያ ሁሉ ልፋት ገደል ገባ።

ይሄን ያስረዘምኩት በምክንያት ነው። ብዙ ሰው ስለ ላሊክ ሲጽፍ «ጌጥ ሠሪ ነበር፣ ከዚያ ትቶ ብርጭቆ ሠሪ ሆነ» ይላል፣ እንደ ሁለት ሰው። እኔ በዚህ አልስማማም። ሰውዬው ከመጀመሪያውም ብርጭቆ ሠሪ ነበር። ቀንድ የመረጠው ብርሃን ስለሚያስገባ ነው። ኢናሜሉን ከጀርባው ያራቆተው ብርሃን እንዲያልፍ ነው። ከድንጋይ ሁሉ ኦፓል የሚወደው ኦፓል ብርሃኑን ውስጡ ይዞ ስለሚጫወትበት ነው። (በነገራችን ላይ፣ የኛው የወሎ፣ የደላንታ ኦፓል ዓለም ያወቀው በ2008 ነው። በላሊክ እጅ ቢገባ ኖሮ እያልኩ ስንቴ አስቤያለሁ!)

በ1900 ፓሪስ ላይ የዓለም ኤግዚቢሽን ተደረገ። የላሊክ ቪትሪን ፊት የሚጋፋው ሕዝብ ሌላ ነበር። መከለያው የክንፍ ባለቤት የሆኑ የነሐስ ሴቶች ናቸው፣ ከላይ ደግሞ የሌሊት ወፎች ተንጠልጥለዋል። በዘመኑ በጣም ዝነኛ የነበረችው ተዋናይት ሳራ በርናር ደንበኛው ነበረች። ከዚህ በላይ ምን አለ? ግን ዝናው ሲጦዝ አስመሳዩም በዛ። በየሱቁ የላሊክን የመሰለ ርካሽ ጌጥ ተደረደረ።

እሱ ደግሞ ሌላ ነገር እየሞከረ ነበር። በሰም ማፍሰስን ታውቃላችሁ፤ «ሰምና ወርቅ» የምንለው ቅኔ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከኛ ሙያ ነው። ሰሙን ትቀርጻለህ፣ በጭቃ ትሸፍናለህ፣ እሳት ሲነካው ሰሙ ይወጣል፣ ወርቁ በቦታው ይገባል። ላሊክ በወርቁ ቦታ ብርጭቆ አስገባ። የጭቃው ፎርማ ስለሚሰበር እያንዳንዱ አንድ ለእናቱ ነው። ከነዚህ ዕቃዎች በአንዳንዶቹ ላይ ሰሙን የያዘው ሰው የጣት አሻራ ብርጭቆው ላይ ታትሞ ቀርቷል። እስቲ አስቡት፣ ታስቦ የተቀረጸ አይደለም፣ ሳይታሰብ ብርጭቆ ላይ የቀረ አሻራ ነው!

ከዚያ ፍራንሷ ኮቲ መጣ፣ ሽቶ ነጋዴው። ሱቆቻቸው ፕላስ ቫንዶም በሚባለው የፓሪስ አደባባይ ላይ ጎረቤት ነበሩ። ኮቲ ሽቶ በአፍንጫ ብቻ ሳይሆን በዓይንም እንደሚሸጥ ገብቶታል። ከ1907 እና 1908 ጀምሮ ላሊክ ጠርሙሶቹን ነደፈለት። አሁን ግን አንድ ማበጠሪያ ለአንዲት ባለጸጋ መሥራት ቀረ፤ ጠርሙስ በሺህ ነው የሚፈለገው። ስለዚህ በ1909 ፓሪስ አጠገብ ኮም ላ ቪል ላይ የብርጭቆ ፋብሪካ ተከራየ፣ በኋላም ገዛው። በ1912 የብርጭቆ ሥራዎቹን ለብቻቸው አቀረበ። ወደ ጌጡ ዓለም እንደ ድሮው አልተመለሰም።

ፋብሪካ ሲባል ፊታችሁን አታጥቁሩብኝ። እኔም መጀመሪያ አጥቁሬ ነበር። እጅ የተወ፣ ማሽን የያዘ መስሎኝ። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፦ የብረት ፎርማውን የሚያወጣው የወርቅ ሠሪ ዓይን ነው። ብርጭቆው በፎርማው ውስጥ ይነፋል ወይም ይጫናል። ሲወጣ በአሲድ ይደበዝዛል፣ ቀሪው ቦታ ጥርት ብሎ እንዲቀር ይወለወላል፤ ጎድጓዳው ላይ ስስ ቀለም ይቀባል ምስሉ ጎልቶ እንዲወጣ። የ1927ቱን «ባካንት» የሚባል የአበባ ማስቀመጫ ፎቶ ፈልጋችሁ እዩት። ዙሪያውን የሚጨፍሩ ሴቶች ናቸው። ብርሃኑ ትከሻቸው ላይ ይቀመጣል፣ ጀርባቸው ላይ ይጠፋል። ያ ማበጠሪያ የጠረበው እጅ ነው፣ ምንም አልተለወጠም።

በ1921 ሌላ ፋብሪካ በምሥራቅ ፈረንሳይ፣ አልዛስ ውስጥ፣ ቪንገን ሱር ሞደር ላይ አቆመ። የድሮ የብርጭቆ ሠሪዎች አገር ነው። ለመኪና አፍንጫ ጌጥ፣ ለባቡር፣ ለመርከብ፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ያልሠራለት ነገር የለም፤ እሱን ሁሉ ብቆጥር ይመሻል። በ1925ቱ የፓሪስ ኤግዚቢሽን ላይ ያቆመው ፏፏቴ ግን 15 ሜትር የሚሆን ነበር፣ ከላይ እስከ ታች የብርጭቆ ሴቶች፣ ማታ ማታ ከውስጡ መብራት የሚበራበት። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ጀርመኖች አልዛስን ያዙ፣ ፋብሪካው ከእጁ ወጣ። በ1945 ሲሞት ተከፍቶ አላየውም። የከፈተው ልጁ ማርክ ነው። ዛሬም እዚያች መንደር ይሠራል፤ ከ2011 ጀምሮም ሙዚየም አላት።

ለምትገዙና ለምትሸጡ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባጠቃላይ እሱ በሕይወት እያለ የተሠሩት ላይ ከ«ላሊክ» በፊት የስሙ መጀመሪያ ፊደል «አር» አለች። ከሞተ በኋላ የወጡት ላይ «ላሊክ» ብቻ ነው። ግን «አር»ን መቅረጽ የሚችል አጭበርባሪም አለ፣ እና በፊደሏ ብቻ ገንዘብ እንዳታወጡ።

አሁን ሁለት ነገር በእጅ በእጅ አሳልፋለሁ። አንዱ የደላንታ ኦፓል ነው፣ ያልተቆረጠ። ሌላው ይሄ ትንሽ ሳህን ነው። የላሊክ አይደለም፣ አቅሜ አይደለም፤ ግን እሱ በጣም የወደደው ዓይነት ወተት የመሰለ ብርጭቆ ነው። ሲቀዘቅዝ ውስጡ በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ፣ ብርሃኑን የሚበትኑት እነሱ ናቸው። ወፍራም የሆነበት ቦታ ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ ይበልጥ ይነጣል። መጀመሪያ መብራቱን ከፊት ስጡት፣ ሰማያዊ ይላል። ከዚያ ስልካችሁን አብርታችሁ ከኋላ አድርጉበት፣ ይቀላል፣ እንደ ዋንጫው ማር ይሆናል። ኦፓሉንም እንደዚያው ሞክሩት።

ሳህኑን ግን አደራ፣ በግራ በኩል ጠርዙ ላይ ትንሽ ስንጥቅ አለ፤ ከሥር ደግፋችሁ ያዙት።