ሠራተኛ ከመቅጠራችሁ በፊት የዕረፍት ፈቃዱን ጻፉት

እንደምን ዋላችሁ። እዚህ ጎንደር ከማራኪም ከአዘዞም ከፒያሳም ሥራችሁን ለሰው ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

አብዛኞቻችሁ ድርጅት ከከፈታችሁ ገና ነው። ሦስት፣ አምስት፣ ቢበዛ አሥር ሠራተኛ ነው ያላችሁ። «ለዚህች ሰው ምን የፈቃድ መመሪያ ያስፈልጋል፤ የቸገረው ሲመጣ እንፈቅድለታለን» ትላላችሁ። በቅንነት እንደምትሉት አውቃለሁ። ግን በዚህ አሠራር ማን እንደሚጎዳ እንይ። ደፋሩ በየወሩ እየጠየቀ ይሄዳል። የባለቤቱ የአክስት ልጅ ሳይጠይቅም ይሄዳል። ዝም ብላ የምትሠራዋ ገንዘብ ያዥ ግን ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን ሳታርፍ ትከርምና የሆነ ጠዋት መልቀቂያዋን ጠረጴዛችሁ ላይ ታስቀምጣለች። ያኔ ደንግጣችሁ «ደመወዝ ልጨምርልሽ» ብትሉ አይመልሳትም።

ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ፈቃድ ሰው እየታየ የሚሰጥ አይሁን። ይጻፍ፣ ሁሉም ያንብበው፣ የቅጥር ደብዳቤ ሲሰጥ አብሮ ይሰጥ።

መነሻው ሕጉ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አውጥታችሁ አንብቡ። ከሌላ ድርጅት የቆየ ደንብ የምትገለብጡ ተጠንቀቁ፤ በድሮው አዋጅ የዓመት ፈቃድ 14 ቀን ነበር፣ አሁን ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ወላድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ታገኛለች፤ ለአባትየው ደግሞ 3 ተከታታይ ቀን አለው። የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ ለታመመ ሠራተኛ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ ሁለት ወር ግማሽ፣ ከዚያ ሦስት ወር ያለ ክፍያ ነው። ከዚህ መጨመር ትችላላችሁ፣ መቀነስ ግን አይቻልም። «ፈቃድህን አትውጣ፣ በብር ልስጥህ» የሚባለውም ክልክል ነው፤ ያልተወሰደ ፈቃድ በገንዘብ የሚታሰበው ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ ነው።

እስከዚህ ያለው አዋጁ ላይ አለ። የሚከብደው ጎንደር ላይ ሲሆን ነው።

ጥርን እንውሰድ። ሆቴል፣ አስጎብኚ፣ ካፌ፣ ትራንስፖርት ያላችሁ ሁሉ ዓመቱን የምትጠብቁት ጥምቀትን ነው። ሠራተኛችሁም ዓመቱን የሚጠብቀው ጥምቀትን ነው! ሰንበት ተማሪ ከሆነ ታቦት አጅቦ ፋሲለደስ መጠመቂያ መውረድ አለበት። በዚያ ላይ ጥር የሠርግ ወር ነው። ሕጉ ለራሱ ለሚያገባው 3 የሥራ ቀን ይሰጠዋል፤ እህቱን የሚድር ግን ከዓመት ፈቃዱ ነው የሚወስደው፣ ይህንን ለይታችሁ ጻፉት። ፕሮግራሙን ኅዳር ላይ ተቀምጣችሁ ከሠራተኞቻችሁ ጋር አውጡ። ዘንድሮ ከተራን የወጣ በሚቀጥለው ዓመት ለጥምቀት ይውጣ፤ በበዓል ቀን የሠራ ደግሞ ጭማሪ ክፍያውን አግኝቶ የካቲት ላይ ረዘም ያለ ዕረፍት ይውሰድ። ሙስሊም ሠራተኛ ያላችሁ፣ ዒድ በጨረቃ ስለሚወሰን ከፊቱም ከኋላውም አንድ አንድ ቀን ክፍት ተዉ። ከደንቢያ የመጣ ልጅ ለአጨዳ ቤተሰቡን ሊያግዝ ሲጠይቅ ፈቃዱን ለሁለት ከፍሎ መውሰድ እንዲችልም አድርጉ።

ለቅሶው ግን ከሁሉም ይብሳል። አዋጁ የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ፣ ወላጅ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያለ ዘመድ ለሞተበት 3 የሥራ ቀን ይሰጣል። ለከተማ ሰው እስከ ሰልስት ያደርሰዋል። እናቱ ጃናሞራ የሞተችበት ልጅስ? መኪና ፈልጎ፣ ከደባርቅ ወዲያ መንገዱን ታግሎ ሲደርስ ቀኑ አልቋል። እንግዲህ ሐዘንተኛውን «ቀንህ አልፏል፣ ከደመወዝህ ይቆረጣል» ልትሉት ነው? እኔ ይህን አልቀበልም። የመንገድ ቀን ብላችሁ ሁለት ቀን ጨምሩ፤ ድርጅታችሁ በዚህ አይከስርም። ከሕጉ ዝምድና ውጭ ላለች ላሳደገችው አክስትም አንድ ነገር አስቡ። ለጎረቤትና ለእድር ቀብር ግማሽ ቀን ፍቀዱ፣ ቢከለከልም ይሄዳል፤ ሲፈቀድለት ግን ነግሮ ይሄዳል፣ እናንተም ተተኪ ታዘጋጃላችሁ።

አመዘጋገቡን አታወሳስቡት። አንድ ደብተር ወይም ኤክሴል ይበቃል፤ የወሰደው፣ የቀረው፣ የፈቀደለት ሰው ፊርማ። የቀረውን ቀን በየሦስት ወሩ ለሠራተኛው አሳዩት። ማን እንደሚፈቅድም አንድ ሰው ሰይሙ፤ ባልየው የከለከለውን ሚስትየው ስትፈቅድ ብዙ የቤተሰብ ድርጅት ታምሷል።

ደግሞ ፈቃድ የወጣን ሰው በስልክ አታስጨንቁት። ከፈቃድ መጥራት የሚቻለው ያልታሰበ ነገር ሲገጥምና የእሱ መገኘት የግድ ሲሆን ነው፤ ያኔም የመጓጓዣና የውሎ አበሉ በእናንተ ነው፣ የቀረው ቀኑም አይጠፋበትም። የመጋዘኑን ቁልፍ የት እንዳስቀመጠ ለመጠየቅ ከሆነ ከመውጣቱ በፊት አስረክቦ ይሂድ።

ረቂቅ የያዛችሁ ካላችሁ አምጡት፣ ከሻይ በኋላ እዚሁ ቁጭ ብለን አንድ በአንድ እናየዋለን። ሴት ሠራተኛ የሚበዛላችሁ መጀመሪያ ኑ፣ የወሊዱ ተተኪ ቅጥር ጊዜ ይፈልጋል።